የጥብጣቡ ወይራ

ወዳጄ፣ ስለ ጋኔንና ስለ ዛር የሚያወራ ሰው ሲገጥመኝ ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው እኔ ነኝ፣ ከአዲስ ቅዳም እስከ ዳንግላ ባለው መንገድ ላይ ሰው ፈርቶ የማያልፍበት ገደል ካለ ንገረኝና ጋቢዬን ይዤ ሄጄ እተኛበታለሁ፣ አንዴማ ጅብ መንገድ ላይ አግኝቶኝ እንደምን አመሸህ ቢለኝ ደህና ብዬው አልፌያለሁ። እሺ፣ የጅቡን ጨምሬያለሁ። ከዚህ በኋላ የምነግርህ ላይ ግን አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ እንዲያውም አንድ ነገር ቀንሼበታለሁ፣ እሱን ስንደርስበት ታየዋለህ።

ቤቴ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ፣ የባጃጅ ሹፌር «ከዚህ በኋላ በእግርህ» ብሎ የሚያወርድህ ቦታ ላይ ነው። ዙሪያውን የምታየው ሁሉ ዲከረንስ ነው፣ ለከሰል የሚተከለው ዛፍ፣ እንጀራዬም ከእሱ ነው፣ ከገበሬው ከሰል ተቀብዬ ለመኪና አስጭናለሁ። ዲከረንሱ ኮረብታውን ከላይ እስከ ታች ሲለብሰው ሌላው ዛፍ ቦታውን ለቆ ሄደ፣ በሰፈራችን የቀረ የደህና ጊዜ ወይራ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከቦታ ሁሉ መርጦ የበቀለው በእኔና በአያ ታፈረ ድንበር ላይ ነው።

ወይራ መቼም ታውቀዋለህ፣ በቀንበጡ ጥርስህን ትፍቃለህ፣ በጭሱ የወተት ዕቃህን ታጥናለህ፣ ከግንዱ በተጠረበው ዘነዘና በርበሬህን ትወቅጣለህ፣ ከዚያ ደግሞ በዱላው ዛፉን የከለከለህን ጎረቤትህን ትፈነክታለህ። የሻረግ የምትባለው ባለቤቴ ጠላ ትሸጣለች፣ የእሷ ጠላ ደግሞ ጋኑ በወይራ ካልታጠነ ውኃ ነው፣ ደንበኞቿ ሽታውን ከአስፋልቱ ማዶ ለይተው ነው የሚመጡት፣ አንዳንዱ አሽትቶ ብቻ ሰክሮ የሚመለስ አለ። እኔ የማስጭነው ከሰል ወር ከወር አያደርሰንም፣ ቤታችን የቆመው በዚያ ጋን ነው። ወይራው ከወደቀ የሻረግ ጠላ ቤትም አብሮ ይወድቃል፣ ነገሩ ይኸው ነው።

አያ ታፈረ ደግሞ ሊጥለው ቆርጦ ተነስቷል። ከአባቴ ጋር አብሮ ያረሰ ሽማግሌ ነው፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አይቼው የማላውቅ፣ ድሮ አንቱ ነበር የምለው፣ ከተጣላን ወዲህ ግን አንቱታዬን ወስጄበታለሁ። ግንዱ ወደ እኔ ያዘነብላልና የእኔ ነው ይላል፣ እኔ ደግሞ ጥላው ጠዋት ጠዋት በእኔ ጓሮ ነው የሚተኛው እላለሁ፣ እሱ በዛፉ ዙሪያ እሾህ ደረደረበት፣ ሽማግሌዎች ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ተቀምጠው ሊፈርዱ ቀጠሮ ያዙ። «ከተፈረደልኝ በማግስቱ ቆርጬ ከሰል አደርገዋለሁ፣ አስጫኙም አንተ ነህ» ይለኛል በአጥር ላይ፣ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ባለፈው ጸሎተ ሐሙስ የሻረግ ለፋሲካ የሚሆነውን ጋን አጥባ ጨርሳ ወይራ የለም ብላ ፊቷን ስታጠቁርብኝ፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ወደ አጥሩ ሄድኩ።

«አያ ታፈረ፣ አንድ ቅርንጫፍ ቁረጥልኝ እስኪ፣ በዓል ነው።»

«ለማን ነው?»

«ለእኔ አይደለም፣ ለጋኑ ነው።»

«እንግዲያው ጋኑ ራሱ መጥቶ ይለምነኝ» አለና ጀርባውን ሰጠኝ።

በማግስቱ፣ በስቅለት፣ ይህ ሰው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጧት ተነስቶ ከዚያው ዛፍ ላይ አንድ ሸክም ሙሉ ቆርጦ፣ በእኔ በር በኩል ዞሮ፣ እያየሁት፣ ለጥብጣብ እንዲሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። በደጄ ማለፍ አይጠበቅበትም ነበር፣ መንገዱ በወዲያ ነው።

ስቅለትን በእኛ ደብር ውለህ ካወቅህ ሥርዓቱን አልነግርህም፣ ሕዝቡ ከጧት ጀምሮ ሲሰግድ ይውላል፣ ወደ ማታ ላይ ሰው ተሰልፎ ወደ ካህኑ እየቀረበ ጎንበስ ይላል፣ ካህኑ ጀርባውን በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ ያደርጉትና እንዲህ ያህል ስገድ ብለው ቁጥሩን በጆሮው ይነግሩታል፣ የጌታን ግርፋት ለማሰብ ነው። ቄስ አለምነው ከሞጣ በኩል የመጡ ናቸው፣ ደግ አባት ናቸው፣ በጆሮ ሲናገሩ ግን ሹክሹክታቸው ለሦስት ሰው ይበቃል። ከፊቴ የነበረው ልብስ ሰፊው አዱኛ የተሰጠውን ቁጥር ስሰማ ጉልበቴ በእሱ ፈንታ ዛለ፣ ጎኑን ጎሸም አድርጌ «ምን ሰፍተህ ነው አንተ?» አልኩት፣ ከኋላዬ ያሉት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

ተራዬ ደረሰና ጎንበስ አልኩ።

«ከማን ጋር ተጣልተሃል?» አሉኝ ቄስ አለምነው።

«ከማንም፣ ከአያ ታፈረ በቀር።»

«ታርቀሃል?»

«እሱ ይታረቀኝ እንጂ፣ እኔ ምን አደረግሁ?»

ያነሱትን ቅጠል ሲያወርዱት ተሰማኝ። «ልጄ፣ ርግቢቱ ለኖኅ በአፏ ይዛለት የመጣችው ይህንን ቅጠል ነው፣ የጥፋት ውኃ ጎደለ ብላ። በአንተና በታፈረ መካከል ያለው ውኃ ግን አልጎደለም። ታርቀህ ና።»

«አባቴ፣ ቢያንስ ቸብ ያድርጉኝ፣ ቁጥሩን እኔው ገምቼ እሰግዳለሁ።»

ሰው ሳቀ፣ እሳቸው አልሳቁም። «ቁጥሩ የሚገመት አይደለም» አሉኝና የሚቀጥለውን ጠሩ። ትንሽ ቆይቶ አያ ታፈረንም እንዲሁ መለሱት፣ ራሱ ተሸክሞ ባመጣው ወይራ ሳይመታ ሲመለስ ባየሁት ጊዜ ደስ አላለኝም ብል ውሸታም ነኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ገባሁልህ። በእኛ ደብር ሰው የተመታበት ወይራ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ይከመርና እዚያው ይቃጠላል፣ ለሌላ ሥራ የሚወስደው የለም፣ ለምን እንደሆነ ጠይቄም አላውቅም። ስወጣ በዚያ በኩል አለፍኩ፣ ክምሩን አየሁት፣ ግማሹ በጥላው የእኔ የሆነ ዛፍ እዚያ መሬት ላይ ተጥሎ ሚስቴ ቤት ውስጥ ባዶ ጋን ታቅፋለች፣ እስኪ አንተ ብትሆን? አንድ እቅፍ አነሳሁና በጋቢዬ ሸፍኜ ወደ ቤቴ።

ስደርስ ፀሐይዋ ልትገባ ነው፣ ከተራራው ወዲያ ደመና እየወረደ ነው፣ መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል።

«ከየት አገኘኸው?» አለች የሻረግ።

«ከቤተ ክርስቲያን።»

«ሰጡህ?»

«ማን ከለከለኝ?»

አንዱን ዘለላ አንስታ አገላበጠችው። «አንተ ሰው፣ ይሄ የሰው ጀርባ የተመታበት አይደለም?»

«ታዲያ ጋኑስ ጀርባ የለው?»

አልሳቀችም። «እኔ እጄን አላስገባበትም፣ ራስህ አጥነው» ብላ ማጥለያ ልትዋስ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። እንግዲህ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ጋኑ ነን።

ፍሙን በገል አድርጌ፣ ወይራውን ከላይ ጎዝጉዤ፣ ጋኑን በሦስት ድንጋይ ላይ ደፋሁበትና አጠገቡ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ጭሱ ወዲያው በከንፈሩ ስር ወጣ፣ ግን ወዳጄ፣ ወደ ላይ አልሄደም። ጭስ ወደ ላይ እንደሚሄድ የሚጠባ ልጅም ያውቃል፣ ይሄኛው መሬት ለመሬት እየተሳበ ወጣ፣ ጫማዬን ዞሮ፣ በበሩ አልፎ፣ በጓሮ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ አያ ታፈረ አጥር ሄደ፣ እኔም ጭሱም ሳይቀር ለእሱ ያደላል ብዬ ለራሴ ሳቅሁ።

ከዚያ ከጋኑ ውስጥ ቸብ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቅጠል በእሳት ላይ እንደሚፈነዳ አውቃለሁ፣ ይሄ ግን የሚፈነዳ ነገር ድምፅ አልነበረም፣ ለስለስ ያለ ነው፣ ቅጠል በጨርቅ ላይ ሲያርፍ ያለ። ቆየት ብሎ ደገመ። ከዚያ ደገመ። በመካከሉ ደግሞ አንድ ሰው ቀርቦ ጎንበስ ለማለት የሚፈጅበትን ያህል ጊዜ ዝም ይላል። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ «ማነህ፣ ግባ፣ በሩ ክፍት ነው» አልኩ፣ ድምፄ ግን ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ።

ጆሮዬን ወደ ጋኑ አስጠጋሁ። ከቸብታው በኋላ ሹክሹክታ አለ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ፣ ቁጥር ነው። አንዱ ቁጥር፣ ሌላው ቁጥር፣ ሌላው ቁጥር። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም፣ ኋላ ግን አንድ የማውቀው ቁጥር መጣ፣ የልብስ ሰፊው የአዱኛ፣ ያንን የመሰለ ቁጥር ደግሞ በዚያን ቀን ለሌላ ሰው አልተሰጠም። ሰልፉ እንዳለ ጋኑ ውስጥ እያለፈ ነው። ከአዱኛ ቀጥሎ ደግሞ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ዝም አለ። ቸብታም ሹክሹክታም የለም፣ ከውጭ የሚሰማ ወፍም የለም። ይህን ነገር ገልብጬ ልገላገለው ብዬ ጋኑን በሁለት እጄ ያዝኩት፣ እመነኝ፣ ከስሩ ፍም ያለበት ጋን እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

እጄ ጋኑ ላይ እንዳለ ጀርባዬን ቸብ አደረገኝ።

አያምም፣ ጋቢዬ ላይ የቅጠል ጫፍ ነው ያረፈው፣ የሚያመው እሱ አይደለም። በቀኝ ጆሮዬ በኩል ቁጥር ተነገረኝ። ድምፁ የቄስ አለምነው አልነበረም፣ የወንድ ይሁን የሴት ዛሬም አላውቅም፣ የተነገረኝ ግን በአዊኛ ነው፣ እናቴ እህል ስትሰፍር በምትቆጥርበት አቆጣጠር፣ በዚያው ዜማ። ቀንሼበታለሁ ያልኩህ ነገር ይህ ነው፣ ቁጥሩን አልነግርህም፣ ለየሻረግም አልነገርኳት።

ጋኑን ለቅቄ ወደ በሩ ዞርኩ። በዚያ መካከል በአጥሩ ወዲያ የአያ ታፈረ ውሻ አንድ ጊዜ ጮኸና መሀል ላይ አቋረጠው፣ ከዚያ የእሾህ ድምፅ፣ ጨርቅ የሚቀድ እሾህ። ሰውየው ራሱ በደረደረው እሾህ መሀል እየመጣ ነው። ለስንት ዓመት ያልረገጠውን ደጄን ረግጦ በበሩ ቆመ፣ ጋቢው ተተልትሏል፣ እግሩ ይደማል፣ እሱ ግን አላየውም።

«በጆሮህ ስንት አለህ?» አለኝ በአዊኛ።

«ይግቡ» አልኩት። አንቱታው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ሳላስበው አመለጠኝ።

«ስንት አለህ ነው የምልህ።»

«አንቱንስ?»

 ገበያ ላይ ሁለት ጆንያ እህል በዓይኑ የሚመዝን ሰው እንዴት እንደሚያይ ታውቃለህ፣ እንደዚያ ነው ያየኝ። «አንተ ቅደም» አለ።

«ታላቅ ይቅደም።»

«አትነግረኝም?»

«አልነግርዎትም።»

ወደ ጋኑ አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እንግዲያው የሚያንሰው ያንተ ይሁን» ብሎኝ በመጣበት እሾህ ተመልሶ ሄደ።

አሁን ይህን ምን ትለዋለህ፣ ምርቃት ነው እርግማን? ቁጥሩ የስግደት ከሆነ ማነሱ ደግ ነው፣ አሜን ይባላል። የዕድሜ፣ የወር፣ የሌላ ነገር ከሆነ ግን እንዲያንስብኝ የሚመኝልኝ ሰው ምን ማለቱ ነው? አሜንም ሳልል፣ አይሁንብኝም ሳልል ቆሜ ቀረሁ፣ የሻረግም ማጥለያዋን ይዛ ስትገባ እንደቆምኩ አገኘችኝ።

ጋኑን ያነሳችው እሷ ናት። ፍሙ ጠፍቶ አመድ ሆኗል፣ ወይራው ግን አንድ ቅጠሉ እንኳ አልጠቆረም፣ አሁን ከዛፉ እንደተቆረጠ ለምለም ሆኖ ተጎዝጉዟል። የጋኑ ውስጥ ግን በጭስ ጠቁሯል፣ ሽታውም የወይራ ነው፣ በትዳራችን ውስጥ እንደዚያ ያለ ሽታ ያለው ጋን አይተን አናውቅም። የሻረግ አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ ጋኑን ወደ ውጭ አወጣችውና አፉን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀመጠችው፣ ያን ፋሲካ ጠላ አልቀመስንም።

ቅዳሜ ጧት ወይራውን ይዤ ወደ ቄስ አለምነው ሄድኩ።

«አባቴ፣ በአዊኛ መቁጠር ይችላሉ?»

እጄ ላይ ያለውን ወይራ አዩት። «እንኳን ቁጥሩ ሰላምታውም ያደናቅፈኛል። ታፈረም ከአንተ ቀድሞ መጥቶ ይህንኑ ጠይቆኛል።»

«ታዲያ የተነገረን የምንድን ነው?»

«እኔ የምናገረው የስግደት ነው» አሉኝ፣ «ያልተናገርኩትን ከየት አውቃለሁ?» ወይራውን ተቀብለውኝ «ታረቁ» አሉኝ፣ እንደ ምክር አልነበረም፣ እንደ ልመና ነበር እንጂ።

የተነገረኝን ያህል እዚያው ሰገድኩ። እንደጨረስኩ አንድ ነገር ከላዬ ይወርዳል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ የወረደ ነገር የለም።

የሽማግሌዎቹ ቀን ሲደርስ እሱም እኔም አንድ ቃል ተናገርን፣ ዛፉ ይቁም አልን። ሽማግሌዎቹ የታረቅን መስሏቸው መረቁን፣ አንደኛው ሊያለቅስ ትንሽ ቀረው፣ እኛ ግን ከዚያ ማታ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያየንም ነበር። እርቅ የሚመጣው ቁጥርህን ከነገርከኝ ነው ይላል እሱ፣ አንተ ቅደም እላለሁ እኔ። ወይራው እዚያው ቆሟል፣ የሚቆርጠው የለም፣ ለመፋቂያ እንኳ ቀንበጡን የሚነካ ጠፍቷል። የሻረግ ጋኗን ባገኘችው እንጨት ሁሉ ታጥናለች፣ ደንበኞቿም አንድ አንድ እያሉ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠላ ወደምትሸጠው ሴት ሄደዋል። «ዛፉ ቆሞልኝ ቤቴ ወደቀ» ትለኛለች፣ «ንገረውና ይገላግለን፣ ቁጥር ምን ይሆናል?» «ያንቺ ስላልሆነ ነው» እላታለሁ። ቀልዱ ከዚህ በላይ አልሄድ ብሎኛል።

አያ ታፈረ ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት በወይራው ስር ይሰግድ ነበር። አንድ ስግደት፣ አንድ ብቻ፣ ከዚያ ተነስቶ ጉልበቱን አራግፎ ይገባል። በአጥሩ ቀዳዳ አየዋለሁ፣ እንደማየውም ያውቃል። ክረምቱን በጭቃው ላይ ሰገደ፣ ሲታመምም ልጁን ተደግፎ ወጥቶ ሰገደ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጧት ስወጣ አልሰገደም። ንጹሕ ጋቢ ለብሶ፣ ከወይራው ስር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ እኔ በር አድርጓል።

ዝም ብዬ ማለፍ ነበረብኝ፣ አፌ መቼ ያስችለዋል። «አያ ታፈረ፣ ዛሬ ስግደት የለም እንዴ?»

«ጨረስኩ» አለኝ።

ከዚያ ሳቀ፣ ወዳጄ፣ ያ ሰው ጥርሱን አሳይቶ ሳቀልኝ። «አንተስ፣ ገና ነህ?»

እኔ እኮ የራሴን በፋሲካ ዋዜማ በአንድ ጊዜ ሰግጄ ጨርሻለሁ፣ ልለውም አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን በየጧቱ አንድ ሲሰግድ ቀን ይቆጥር እንደነበር፣ የጠየቀኝም ስለ ስግደት እንዳልሆነ በዚያው ገባኝና አፌን ዘጋሁት። አልታመመም፣ አልሞተም፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ከልጆቹ ጋር ያወራል። ጧት ጧት ግን ያንን ንጹሕ ጋቢ ይለብስና ይወጣል፣ ይህን ስጽፍልህም በመስኮቱ ይታየኛል፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ በሬን እያየ ይጠብቃል።